ካልባሪ፦ ጣሪያው ከሄደ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ

ካልባሪ ከፐርዝ ወደ ሰሜን 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የምዕራብ አውስትራሊያ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2021 ሴሮጃ የተባለው ሳይክሎን ቀድሞ ምሥራቅ ቲሞርንና ኢንዶኔዢያን በጎርፍ አጥለቅልቆ ከርሞ በእርሷ ላይ ወረደ። ከሕንፃዎቿ 70 በመቶ ያህሉ ተጎዱ።

እንዲህ ያለ ሳይክሎን ያን ያህል ወደ ደቡብ መውረዱ ብርቅ ነው። በ1974 ትሬሲ የተባለው ሳይክሎን በሰሜን የምትገኘውን የዳርዊን ከተማ ካወደመ በኋላ የጠበቀው የግንባታ ደንብ በዋናነት ሰሜኑን ዳርቻ የሚመለከት ስለነበር፣ የካልባሪ ቤቶች የተሠሩት ለቀለለ ነፋስ ነው። ጣሪያን የሚነቅለው ደግሞ ከላይ የሚስበው ነፋስ ብቻ አይደለም። አንድ መስኮት ከተሰበረ ወይም የጋራዥ በር ከተገነጠለ ነፋሱ ገብቶ ከውስጥ ሽቅብ ይገፋል፤ ያረጀ ምስማር ሁለቱን አይችልም።

ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ወዲያው እፎይ አላለም። የመድኑን መጠን ውል ሲገባ የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተገመተ ቤት ደግሞ በዛሬ ዋጋ አይሠራም። በዚያ ላይ ጊዜው የኮቪድ ነበር፤ የክፍለ ግዛቷ ድንበር ጥብቅ ቁጥጥር ነበረበት፣ ለአዲስ ቤት የተሰጠው የመንግሥት ድጎማም ግንበኛውን ሁሉ ሥራ አብዝቶበታል። አናጺ ቢገኝስ የት ያድራል? ማረፊያዎቹም ተመትተዋል።

ሥራው ሲጓተት የመድን ኩባንያዎች አንዳንዴ «በጥሬ ገንዘብ እንዝጋው» ይላሉ። ግምቱ ኩባንያው ራሱ ለሥራ ተቋራጩ በሚከፍለው ዋጋ ከተሰላ ግን፣ ብቻውን የሚዋዋል ሰው በዚያ ዋጋ የሚሠራለት አያገኝም። ከፈረመ በኋላ የዋጋው ጭማሪ የራሱ ነው። ለእኔ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው፤ ደክሞት ለሚፈርም ሰው ደግሞ አይታይም።

ጭራሽ መድን የሌለውም አለ። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል 20 በመቶ ገደማ ቤቶች መድን አልነበራቸውም፤ በተቀረው አገር 11 በመቶ ነበር። ምክንያቱ በዋናነት የአረቦኑ ውድነት ነበር። መንግሥት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በ10 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ዋስትና የሳይክሎን ጠለፋ መድን (የመድን ኩባንያዎች ራሳቸው የሚገቡት መድን) ቋት አቋቁሟል። ሳይክሎኑንና ካበቃ በኋላ እስከ 48 ሰዓት የሚከተለውን ጎርፍ ይሸፍናል። ቋቱ አረቦንን ሊያቀልል ይችላል፤ አናጺ ግን አያመጣም፣ ምስማርም አያጠብቅም። የኋለኛውን የሚያደርገው የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ነባር ጣሪያዎችን ለማጠናከር የሰጠችው ዓይነት ድጎማ ነው፤ ቢዘገይም።