ከአስፋልት ወደ ኮሮኮንች፦ የሞተር ሳይክል ሾክና አያያዝ በደቡብ ኦሞ

ኬንት ኦሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ የመሠረተው የሾክ አምራች ኦሊንስ 50 ዓመት ሞላው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ ታዋቂው የጣሊያን ፍሬን አምራች ብሬምቦ ጠቅልሎ ገዝቶታል። ወርቃማው የፊት ሹካና ቢጫው የኋላ ሞላ በእሽቅድምድም ዓለም የክብር ምልክት ናቸው። ብዙ ወጣት ሞተረኞችም ሾክ ማሻሻል ማለት ይህን የመሰለ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ይመስላቸዋል። እኔ ግን በደቡብ ኦሞ መንገድ ላይ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከልኬትና ከዘይት ነው ባይ ነኝ።

መንገዱን እንይ። ከኮንሶ ተነስቶ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ የሚገባው መንገድ አስፋልት ነው። ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክና ወደ ሙርሲ መንደሮች ሲወረድ ግን ኮሮኮንቹ፣ አቧራውና ጠመዝማዛው ይጠብቃል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የሞተር እንቅስቃሴን አጥብቃ ገድባለች፤ እዚህ ግን ያለ ሞተር የሚውል ቀን የለም። በተለይ ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ሲቆም አንዱ ሞተር ጠዋት ነጂውን ብቻ ይዞ በአስፋልት ይበራል፤ ከሰዓት ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ጠጠር ላይ ይንገጫገጫል። ፋብሪካው ሾኩን ሲያስተካክል እንዲህ ያለውን ውሎ አላሰበም።

እዚህ በብዛት የሚታዩት ሞተሮች ቦክሰርና አፓቼ ናቸው። ቦክሰር ለጭነት የተሠራ ነው፤ ከኋላ ሁለት ሾክ አለው፣ በሞላው ውስጥም ሌላ ሞላ ገብቶበታል። የስፖርት ሞተር መልክና ጠባይ ያለው አፓቼ ነው። የአፓቼ አርቲአር የፊት ሹካ ወደ ውስጥ የሚገባው 105 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኋላ ሾኩ ጋዝ ያለበት ነው። የሁለቱም የፊት ሹካ ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚንሸራተትበት ዓይነት ነው። ይህን ሹካ በዘይት እንዲረግብ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1935 ገበያ ላይ ያዋለው ቢኤምደብሊው ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ቁም ነገሩ ያለው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ሞላው ሸክሙን ይሸከማል፤ የሞላውን መንጠር የሚያበርደው ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ የሚገፋው ዘይት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ቀዳዳው የማይለወጥ ስለሆነ የዘይቱ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ድርብ ያድጋል፦ ሹካው በሁለት እጥፍ ፍጥነት ሲጨመቅ ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ ሹካው ያለ ልክ ይሰምጣል፤ ጎማው ስል ድንጋይ ሲመታ ግን ብረት የሆነ ያህል ደርቆ ምቱን እስከ ክንድ ያደርሳል። አንዱ ሹካ በጣም ልል፣ በጣም ደረቅም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካው ሬስ ቴክ ቀዳዳው ላይ የሚቀመጥና ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ይሸጣል፤ ሙሉ ሹካ ከመቀየር በእጅጉ ይረክሳል፤ ብልሃቱንም አደንቃለሁ።

ጋራዥ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ክርክር የሚነሳው ግን በማጠንከር ጉዳይ ነው። ጭነት የለመደ ሞተረኛ ሾኩ ሲልበት ሞላውን አጥብቅልኝ ይላል፤ መካኒኩም የኋላውን ሞላ የሚጨምቀውን ቀለበት እስከ መጨረሻው ያዞርለታል። ቀለበቱ ሞላውን አያጠነክርም፤ የሞተሩን ቁመት ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ጭነቱ ወርዶ ነጂው ብቻውን ሲሆን ሾኩ ሊዘረጋ የሚችልበት ቦታ ስለሌለው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ መግባት ሲገባው አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። አንዳንዱ ወፍራም ዘይት በመጨመር ሊያጠነክር ይሞክራል፤ ይህ የባሰ ነው። ማጎ አቅጣጫ ያለውን በተከታታይ የተሸነታተረ መንገድ አስቡት፦ ዘይቱ ከወፈረ ሹካው ከአንዱ ሽንትር ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይቆልፋል። ነጂው ሾኩ ሞተ ይላል፤ ሾኩ ግን ለመመለስ ጊዜ አጥቶ ነው።

ታዲያ በምን ይጀመር? በሜትር። ሞተሩን ሁለት ሰው ከፍ አድርጎ ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ይለካል፤ ከዚያ ነጂው እንደ ወትሮው ተቀምጦ እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ከሹካው ጉዞ ሲሶ ገደማ መሆን አለበት፤ ለአፓቼ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ሞላው ተወጥሯል ወይም ለነጂው ከባድ ነው፤ በጣም ከበዛ ለስልሷል። ከኋላም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሾክ ባለው ሞተር ቀለበቶቹ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸውን ማየት ነው። ቀጥሎ የፊት ዘይት ይፈታል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ግራጫ ውሃ የመሰለ፣ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ዘይት ነው፤ ይህ ምንም አያረግብም። ወይጦ ሸለቆ ሙቀት ላይ ደግሞ ጭራሹን ይቀጥናል። ለሹካ የተሠራ ዘይት በፋብሪካው መጠን፣ በሁለቱ እግሮች እኩል ሲገባ ልዩነቱ በመጀመሪያው ኩርባ ይታወቃል። ኦይል ሲሉን የሚበላው አቧራ ስለሆነ በቱቦው ላይ የሚለበሰው ጎማ ሽፋን ለጌጥ ተብሎ አይነሳ።

የኋላ ሾክን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሉሲየን ቲልከንስ ነው። ቤልጂየማዊ የምህንድስና መምህር ነበር፤ ልጁ ሞቶክሮስ ስለሚነዳ ሁለቱን የኋላ ሾክ አንስቶ በነዳጅ ታንኩ ሥር አንድ ረጅም ሾክ አጋደመለት። ያማሃ ሐሳቡን ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሆካን አንደርሰን በዚሁ ሾክ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኦሊንስም ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ጌናዲ ሞይሴየቭ በኬቲኤም ባሸነፈበት የጭቃና የጉብታ ውድድር ነው። ዛሬ አስፋልት ላይ የምናደንቀው ሾክ የተወለደው ኮሮኮንች ላይ መሆኑ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ራሱን በኮምፒውተር የሚያስተካክል ሾክ አለ፤ ለጂንካ ገና ነው። የመሪ ኩሽኔታ መላላትና የጎማ ንፋስ ግን ዛሬውኑ ይታዩ፤ ሁለቱ ከተበላሹ የተቀረው ልፋት ከንቱ ነው። ሹካውን በማያዣው ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ማሳለፍ መሪውን ያፈጥነዋል፤ አስፋልት ላይ ደስ ይላል፣ ጠጠር ላይ ግን መሪው ይርበተበታል። ከኋላ ሁለት ሰው ሲጫን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሳባል። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ቁልቁል ለሚወርድ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመለዋወጫ ነጋዴዎቻችንን አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ባለቀለም ሞላ ከማስመጣታችሁ በፊት በደረጃው የተለየ የሹካ ዘይትና ደህና ኦይል ሲል መደርደሪያችሁ ላይ ይኑር። መካኒኮችም ዘይቱ የተቀየረበትን ቀንና መጠኑን ለባለ ሞተሩ ጽፋችሁ ስጡት።