ከክሪኩ በፊት

ጎማ ሲተነፍስ ቀድሞ የሚናገረው መሪው ነው። የፊት ጎማ ከሆነ መኪናው ወደዚያው ጎን ይስባል፤ የኋላ ከሆነ ከኋላ ይዋልላል። ያኔ ፍሬን አጥብቆ መርገጥ አይገባም። መሪውን በሁለት እጅ ይዞ፣ ነዳጁን ለቆ፣ ፍሬቻ አሳይቶ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ነው። ጎማው ጥቂት ሜትር ተጨማሪ ሄዶ ቢበላሽ ይተካል፤ ኩርባ ላይ መቆም ግን ሰው ይገድላል።

ከቆምን በኋላ ብዙዎቻችን በቀጥታ ክሪክ ፍለጋ እንሄዳለን። አንድ ጊዜ የአባይ በረሃን አቀበት ወጥቼ ደጀን ልደርስ ስል ያየሁት የጭነት መኪና ረዳት ግን መጀመሪያ የፈለገው ድንጋይ ነበር። ሁለቱን አንሥቶ ጣላቸው፤ ክብ ነበሩ። ሦስተኛው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነበርና እሱን ጎማው ሥር በእግሩ መትቶ አስገባው።

ልክ ነበር። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ከኋላ አንዱን ካነሡ የሚይዘው አንድ ጎማ ብቻ ይቀራል። ማርሽ ማስገባት ይረዳል፤ ነገር ግን የኋላ ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና አንዱ አየር ላይ ሲንጠለጠል ዲፈረንሻሉ እሱን ወደ ኋላ እያሽከረከረ መኪናው እንዲንሸራተት ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ታኮው በሰያፍ ትይዩ ካለው ጎማ ሥር ይግባ፦ የፊት ግራ የሚነሣ ከሆነ ከኋላ ቀኝ፣ በቁልቁለቱ በኩል።

ከዚያ ዳዶ ማላላት ነው፤ አሁንም ክሪክ የለም። ጎማው መሬት ላይ እያለ የመኪናው ክብደት ራሱ አጥብቆ ይይዝልዎታል። አየር ላይ ከሆነ ጎማው ከቁልፉ ጋር አብሮ ይዞራል፤ የእርስዎ ጉተታም መኪናውን ከክሪኩ ሊያወርደው ይችላል። እያንዳንዱን ወደ ግራ ሩብ ዙር ካላሉ ይበቃል። እምቢ ካለ ቁልፉ ላይ ቱቦ ያስገቡ፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበትዎም እጥፍ ይሆናል።

አሁን ክሪኩ ይምጣ። ቦታው በበሩ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ምልክት የተደረገበት ነው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ ያድርጉ። ስኮርታውን በዚያው ጎን ከመኪናው ሥር አጋድመው ያስቀምጡት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው እሱ ላይ ይሆናል። እርስዎ ግን ለአፍታም ቢሆን ሥሩ አይግቡ። ነፋስ የሞላው ጎማ ከተነፈሰው ስለሚበልጥ ትንሽ አትርፈው ያንሡ።

ስኮርታው ከመግባቱ በፊት ቸርኬው የሚያርፍበትን ገጽ በጨርቅ ይጥረጉ። ለምን? መኪናውን የሚሸከሙት ቡሎኖቹ ብቻ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ቡሎኑ ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ያ ውጥረት ቸርኬውን ከማረፊያው ጋር ጨምቆ ይይዘዋል። በመሃል ጭቃ ካለ በጉዞ ላይ ይደቅቅና ውጥረቱ ይላላል። ዘይት መቀባትም ጥሩ አይደለም፤ ሳያውቁት ከልክ በላይ ያጠብቃሉ።

የዳዶው ሾጠጥ ያለ አፍ ወደ ቸርኬው ይዙር፤ ጎማውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ሁሉንም በእጅ ካስጀመሩ በኋላ ተራ በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት ያለውን እየመረጡ ያጥብቁ፤ አምስት ከሆኑ አንድ እየዘለሉ። በተራ ከሄዱ ጎማው ዘሞ ይቀመጣል። መኪናው ሲወርድ የመጨረሻው ጥብቀት ይሰጣል፤ ያለ ቱቦ። ለአነስተኛ መኪና 40 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ የሚያህል ጉልበት በቂ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ቆመው ደግመው ያጥብቁ።

ቀጭን ስኮርታ ከሆነ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ ነፋሱም 60 ፒኤስአይ ነው፣ ከመደበኛው እጥፍ ገደማ። ጎሚስታ ጋ በሄዱ ቁጥር ያስለኩት።

አንድ ልመና አለኝ። ትሪያንግል ሲጠፋ ቅጠልና ድንጋይ አስፋልት ላይ መደርደር ልማዳችን ነው፤ የኋላ መኪና አይቶ እንዲጠነቀቅ። ጎማ ቀይሮ የሚሄደው ሰው ግን ድንጋዩን ትቶት ይሄዳል። ሲመሽ በዚያ የሚያልፍ ሞተረኛ አያየውም። እባክዎ መሣሪያዎን ሰብስበው ሲጨርሱ ድንጋዮቹንም ከአስፋልቱ ያንሡ።