እንሶስላ የሞቀ እጅ

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ እንሶስላ የሚሸጡ እናቶች ሰፊ ቦታ አይዙም። አንዲት ማዳበሪያ መሬት ላይ ያነጥፉና አፈሩ በቅጡ ያልተራገፈ ሥር በትንንሽ መደብ ይደረድሩባታል። የማያውቅ ሰው ዝንጅብል መስሎት ያልፈዋል። ባለፈው ጥር፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አራት ቀን ሲቀረው፣ አንዷ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«ለእጅ ነው ለእግር፣ እታለም?»

«ለሁለቱም ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያማ ሁለት መደብ አይበቃሽም፤ ሦስት ያዢ።»

ነጋዴ መቼም ማብዛቱ አይቀርም ብዬ ልከራከር ስል አንዱን ሥር አነሱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቧጨር አደረጉት። ቅርፊቱ ሲነሳ ውስጡ እርጥብ ነው። «ይኸው፣ ትናንት የተነቀለ። የጠወለገ ከሰጡሽ አትውሰጂ፣ ቀለሙ አይዝልሽም።» እኔን ያሳመነኝ ግን ሥሩ ሳይሆን ጥፍራቸው ነው። ከጫፉ ድፍን ቡናማ፣ ወደ ሥጋው በኩል ደግሞ ነጭ ነበር። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ነጩን አይቶ እኒህ ሴት መቼ እንደሞቁ መቁጠር ይቻላል። ሸቀጡን በገዛ እጁ ላይ ይዞ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ አላውቅም። ሦስቱንም መደብ ገዛሁ።

እንሶስላ፣ ግርሽጥ የሚሏትም አሉ፣ ጥላና ውሃ ዳር የምትወድ ተክል ናት። ግንዷ ልስልስ ያለና ውሃ ያቆረ ነው፤ ከተመቻት ከሰው ቁመት ትስተካከላለች። አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ ይመስላል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ጅራት የተቆለመመ ቀጭን ቱቦ አለው። በጋ ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ይሞትና ሥሯ አፈር ውስጥ ተኝቶ ክረምትን ይጠብቃል። ከእኛ አገር ሌላ በኬንያና በዩጋንዳ ደጋዎችም ትበቅላለች። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ አላት። የፊተኛው ቃል ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው፤ የዚህ ወገን ተክሎች ፍሬያቸው ሲበስል ገና ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። የኋለኛው የማቅለሚያ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ስሙን ከመጻፉ በፊት ሥራዋን የሚያውቁ ሴቶች ነበሩና፣ ክርስትናውን ያነሱት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

በአማርኛ እንሶስላ ይሞቋታል እንጂ አይቀቧትም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚያ ሰርግ ዋዜማ፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። ሥሩ ታጠበ፣ ቅርፊቱ በቢላ ተፋቀ፣ ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ገባ። በጁስ መፍጫ ብንፈጨው ምን አለበት ያለችው የሙሽራዋ ጓደኛ ናት። አክስቴ ዞር ብላ እንኳ ሳታያት «ከዚያ በኋላ ጁሱን አንቺ ትጠጪዋለሽ» አለቻት። መፍጫው እንደ ጥፍር ቀለም ይዞ ይቀራል። የተወቀጠው ሥር እንደ ተልባ ልጥልጥ ሳይሆን ጭረት ያለበት እርጥብ ድቁስ ነው፤ አየር ሲያገኘው ወደ ቀይ ያደላል። ለእጅ መዳፉ ይሞላና ጣቶቹ እስከ መጀመሪያው አንጓ ይለበሳሉ። ለእግር ውስጥ እግሩና ዳር ዳሩ ነው፤ የጫማ ድንበር ይመስላል። በላዩ የጉሎ ቅጠል፣ ቅጠል ካልተገኘ ፌስታል፣ ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ይታሰርበታል። ከዚያ ከሰል ምድጃ ዙሪያ መቀመጥ ነው። ግሡን የሰጠው ይህ እሳት ይመስለኛል።

መሞቅ የጀመረ ሰው እጅ የለውም። አምስት ሴቶች ምድጃ ከበን፣ ሁላችንም እጃችን እንደ ቦክሰኛ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫችን ሲበላን በትከሻችን እየታገልን ተቀመጥን። እራት ሲቀርብ የአክስቴ ትንሹ ልጅ ተጠራና በየተራ አጎረሰን። ለሙሽራዋ ሦስት፣ ለእኔ አንድ፤ እኔ ባለፈው ዓመት ኳሱን ደብቄበት ነበር።

ጠዋት ሲፈታ ያየሁት ቀለም አናደደኝ። ብርቱካንማ ነው፤ ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ በጀርባዬ የተኛሁት? «ነገ እዪው» አለች አክስቴ። በማግስቱ የቡና ቅጠል ሲደርቅ የሚይዘውን ዓይነት ቡናማ ሆነ፤ የእግሬ ተረከዝ ወደ ጥቁር ሄዷል።

የሆነው ነገር ተአምር አይደለም። እንደ እንሶስላ እጅ የሚያቀልመው ሒና ቀለሙን የሚያገኘው ላውሶን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በእንሶስላ ወገን ተክሎችም ውስጥ ላውሶንና የቅርብ ዘመዶቹ ይገኛሉ። ላውሶን ቆዳና ጥፍር የተሠሩበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ይይዛል፤ ከያዘው በኋላ አየር እያገኘው አንድ ሁለት ቀን ይጠቁራል። ሙቀት ያፋጥነዋል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋን ከየትኛውም ቦታ የወፈረ ስለሆነ ብዙ ቀለም ይይዛል፤ እጅ ጀርባ ላይ ግን ያው ድቁስ ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ የሚለቀው ያ ሽፋን ተገፎ ሲወድቅ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ውሃና ሳሙና አያስለቅቀውም፤ አጥብቆ መፈግፈግ ግን ቆዳውን ራሱን ስለሚልጠው ያሳጥረዋል።

እንሶስላ ሩቅ አገርም ዘመድ አላት። ኮሪያ ውስጥ ልጃገረዶች በበጋ ወራት የእንሶስላን እህት ተክል አበባና ቅጠል ደቁሰው ጥፍራቸው ላይ ያስራሉ፤ የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ቀለሙ ጥፍራቸው ላይ ከቆየ የመጀመሪያ ፍቅራቸው ይሰምራል ይባላል። እኛ በሥር፣ እነሱ በአበባ፤ ማሰሩና መጠበቁ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላዋ የአክስቴ ልጅ መናገር አለብኝ። ሌሊት እጄን አስሬ አልተኛም ብላ ከተማ ውስጥ አንድ ውበት ሳሎን ሄደች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ክንዷ እስከ ክርኗ በጥቁር ሐረግ ተሥሎ መጣች፤ እውነት ለመናገር የእኛን ብርቱካን እጅ ያሳፍራል። በሦስተኛው ቀን፣ ልክ በመልስ ዕለት፣ ሐረጉ የሄደበት መስመር ሁሉ አብጦ ውሃ ቋጠረ። ጥቁር ሒና ይባላል፤ ሒና ግን ጥቁር አይደለም። በአንድ ሰዓት ድፍን ጥቁር የሚያደርገው የፀጉር ማቅለሚያ ዱቄት ነው፤ ውስጡ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይህ ነገር ለፀጉር ብቻ፣ ያውም ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሆኖ ተፈቅዷል፤ ቆዳ ላይ መሣል ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ሰውነት ከጠላው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው፤ ልጅቷ ነገ ሽበቷን ልቀባ ብትል የራስ ቆዳዋ ሊያብጥ ይችላል። ቀለም ሳይታሰር፣ ሳይታደር፣ በአንድ ሰዓት ከጠቆረ ተነስቶ መሄድ ነው።

እንዲህ ስል «ባህላዊው ይሻላል» ልል ነው ብሎ የሚጠብቀኝ አለ። አልልም። ኩል አለና።

ኩል እወዳለሁ። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን ትልልቅ ዓይናቸው በጥቁር መስመር ተከቦ ሲያዩኝ ሁሌም የተኳሉ ይመስለኛል። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው የኩል ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው፤ ጋሌና ማለት የእርሳስ ማዕድን ነው። አንቲሞኒ ነው የሚባለውም ሆነ ጋሌናው ሲፈጩ ሁለቱም የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዱቄት ስለሚሆኑ በዓይን አይለዩም። ድንጋዩ ሳይፈጭ መዳፍ ላይ ሲይዙት ግን ያስታውቃል፤ ጋሌና ከተመሳሳይ መጠን ውሃ ሰባት ጊዜ ተኩል ይከብዳል። አያቴ በጨርቅ ቋጥራ ያስቀመጠችውን ባነሳሁ ቁጥር ክብደቱ ያስደንቀኝ ነበር፤ እሷ «ደግ ድንጋይ ስለሆነ ነው» ትለኝ ነበር። እርሳስ ዓይን ውስጥ ገብቶ በእንባ ይታጠባል፣ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፤ ልጅ ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ስለዚህ ጨቅላ መኳል ይቅር። ለአዋቂ ሱቅ የሚሸጠው፣ ውስጡ ያለው ነገር የተጻፈበት እርሳስ መሳይ ኩል ይሻላል (ስሙ ይገርማል)፤ መኳያም ለጓደኛ አይሰጥም፣ የዓይን በሽታ አብሮ ይሄዳል።

ስለ ቆዳ ማቅያ ክሬም ብዙ አልልም፤ ሰው ቀይ ካልሆነ አያምርም ያለው ማን እንደሆነ ባውቅ ግን ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሸጊያው ላይ «ወርቅና ብር አይንካው» የሚል ካለ ውስጡ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል፤ ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚያበላሽ ነው የሚያስጠነቅቁት። ለቀለበቱ ሲያዝኑ ለኩላሊቱ አላዘኑም። ጭራሽ ጽሑፍ የሌለው፣ ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ደግሞ ማንም ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ቢሆን ስም የሌለውን ነገር ሊመዘግበው አይችልም።

እንሶስላን የማምናት ጥንታዊ ስለሆነች አይደለም፤ ኩሉም ጥንታዊ ነው። የማምናት ሙሉ ሥሯን አይቼ፣ ቅርፊቷን አስቧጭሬ፣ በገዛ ሙቀጫዬ ወቅጬ ስለምጠቀምባት ነው። ስለዚህ ተወቅጣ፣ ደርቃ፣ በላስቲክ ታስራ የምትሸጠውን ዱቄት አልገዛም፤ ቶሎ እንድትጠቁር ምን እንደጨመሩባት አላውቅም። ትኩሷም ብትሆን ሁሉም ቆዳ አይቀበላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞቅ ሴት የክርኗ መታጠፊያ ላይ የሳንቲም ያህል ቀብታ ሁለት ቀን ትጠብቅ፤ ካሳከካት ይቅርባት። ቁስልና የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ አይደረግም። ሕፃናትም ይቆዩ፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያነሳቸው ጨቅላዎች ሒና ተቀብተው ደማቸው የፈረሰበት አጋጣሚ በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል፤ ላውሶን ደግሞ የት ቢበቅል ያው ላውሶን ነው።

ሴትዮዋ ስለ ሦስተኛው መደብ ተሳስተው ነበር። ሁለቱ ለእጅም ለእግርም በቁ። የተረፉትን ሥሮች አክስቴ ከጓሮ ቧንቧው አጠገብ፣ ዘይቱን ዛፍ ጥላ ሥር ቀበረቻቸው። ግንቦት አለቀ፣ ምንም የለም። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ልስልስ ቡቃያ ብቅ አሉ፤ ዶሮዎቹ እንዳይጭሩባቸው ቂጡ የወጣ ቅርጫት ተደፍቶባቸዋል።