«ስልኬ አማርኛ አያነብም»፦ በመምህራን እጅ ስላለው ስልክ ተረትና እውነታ

መንፈቀ ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ምን እንደሚመስል ያስተማረ ያውቀዋል። አንዱ ማርክ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ካልኩሌተር ይጫናል። 60 ተማሪ በ10 የትምህርት ዓይነት 600 ማርክ ነው፤ አንዷ ከተዛባች ድምሩም፣ አማካዩም፣ ደረጃውም አብሮ ይዛባል። የሦስቱም ስልክ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል።

ባልደረቦቼን በስልክና በታብሌት ሥራ ሳግዝ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረኝ ዕቃው ሳይሆን ስለ ዕቃው የሚወራው ነው።

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ይሄ የወጣት ነገር ነው።» እንዲህ ያሉኝ 27 ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። «ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ተወኝ» ሲሉኝ ግን በቴሌግራም የልጅ ልጃቸውን ፎቶ እየላኩ ነበር። ወጣቱስ ቢሆን? ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል ያውቅበታል፤ ሮስተር (የክፍሉን የውጤት ሠንጠረዥ) ሲሠራ ግን ኤክሴል ከፍቶ፣ ማርኩን በካልኩሌተር ደምሮ፣ መልሱን በጣቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲጽፍ አይቻለሁ። ቀመር የሚባል ነገር እንዳለ የነገረው ሰው የለም። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው።

ቀመሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ለመጀመሪያው ተማሪ ድምርና አማካይ ጽፎ ለቀሩት 59 ወደ ታች መገልበጥ። ችግር የሚመጣው ደረጃ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የሚወዳደሩበትን የሳጥን ክልል በዶላር ምልክት ካላሰሩት፣ ቀመሩ በተገለበጠ ቁጥር ክልሉም አብሮት ወደ ታች ይንሸራተታል። ስለዚህ የዝርዝሩ የመጨረሻ ተማሪ ማርኩ ምንም ይሁን ምን አንደኛ ይወጣል! «ኤክሴል ይሳሳታል» የሚለው ወሬ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከባዶ ሳጥን። ላልተፈተነ ተማሪ ሳጥኑን ባዶ ከተዉት አማካዩ ያንን ትምህርት ጨርሶ አይቆጥረውም፤ ዜሮ ከጻፉበት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ባዶ ይቅር ወይስ ዜሮ ይጻፍበት የሚለውን አስቀድሞ መወሰን የትምህርት ቤቱ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ አጋዡም ጥፋት አለበት። «ስጡኝ፣ እኔ ላድርግልዎ» ብሎ ስልኩን የተቀበለ ሰው በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል፤ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመትም ይጠራል። እኔ አሁን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ መቆም ለምጃለሁ። ያስጨንቃል፤ ግን ይሠራል።

«ስልኬ አማርኛ አያነብም።» ይህ የሚባለው ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር የመጣ የድሮ ፈተና ሲከፈት በፊደል ፋንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ሲተራመስ ነው። ስልኩ ምንም አልሆነም። ፋይሉ የተጻፈው የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ቁልፎች ቦታ በሚያስቀምጡ የቆዩ ፎንቶች ነው፤ ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ ያሳየዋል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ይነበባል። ለቆየው ፋይል መፍትሔው ጸሐፊዋ ፒዲኤፍ አድርጋ እንድትልከው መጠየቅ ነው። መተየብ ለሚሰለቻቸው ደግሞ ጎግል በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ የዕለት ዕቅድን እየተናገሩ ማስጻፍ ይቻላል፣ ነጠላ ሰረዙን በኋላ በእጅ ማስተካከል ቢያስፈልግም።

«ኔትወርክ ከሌለ ምን ያደርጋል?» ብዙ ያደርጋል። የወረደ መጽሐፍ ይነበባል፣ ሮስተር ይሠራል፣ የተማሪ ሥራ ፎቶ ይነሳል።

«ቴክኖሎጂ መምህሩን ከሰሌዳው ያባርረዋል» የሚሉትን ግን በችኮላ ልሞግታቸው አልፈልግም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በራሱ ፍጥነት ይነዳ ነበር። ልጁ ባይገባው እንኳ መምህሩ «ቆይ» ሊለው አይችልም። በእጅ ያለ ስልክ ግን የሚቆመውም የሚቀጥለውም መምህሩ ሲለው ነው።

«ስልክ ላይ ያለ ነገር ይጠፋል» ከተባለም እውነት ነው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ፋይሉን ቀን ጽፈውበት በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩት፤ ሲም ካርዱን ሲያስተኩ አካውንቱም ፋይሉም ይመለሳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የፈተና ወረቀት እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ እንዳለ ይደርሳል።

የመጨረሻው ተረት አይነገርም፤ ይደረጋል እንጂ። የክፍሉን ሙሉ ውጤት ፎቶ አንስቶ የወላጆች ግሩፕ ላይ መለጠፍ «ግልጽነት» ይመስላል። አንዴ ከተለጠፈ ማን ለማን እንደሚያስተላልፈው አይታወቅም፤ 58ኛ የወጣችውም ልጅ ስሟ እዚያ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ለእያንዳንዱ ወላጅ የልጁን መስመር ብቻ መላክ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

«ተወኝ» ያሉኝ መምህርት ባለፈው መንፈቀ ዓመት ሮስተራቸውን በስልካቸው ሠሩ። ዶላሩን ራሳቸው አሰሩት፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ። ከዚያ ሰማያዊ እስክርቢቶ አውጥተው ሁሉንም ወረቀት ላይ ገለበጡት፤ ርዕሰ መምህሩ የሚፈርመው አሁንም ወረቀቱ ላይ ነው።