ፋጉሎ ለሥጋ ዶሮ

የኑግ ዘይት መጭመቂያ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ሽታው ይቀበልዎታል። በአንድ በኩል ዘይቱ ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ሙቀቱ ገና ያልበረደ ጥቁር ቅርፊት እየተቆራረሰ ይከመራል። ይህ ፋጉሎ ነው። ከብት አድላቢና ወተት አምራች ጠንቅቀው ያውቁታል። መኖ የተወደደበት ዶሮ አርቢም እየፈለገው ነው።

መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመናዊ የሥጋ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይህን የሚያህል እድገት የሚመጣው ግን በመኖ ነው። ከአርቢው ወጪ 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ግብአቶች በቆሎና አኩሪ አተር ናቸው። በቆሎውን ደግሞ ሰውም ይሻማዋል።

የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሰሩ ብዙ ነው፤ ላም እያመነዠከች የምትጠቀምበትን አሰር ዶሮ መፍጨት አይሆንላትም። ሁለተኛ፣ ለጡት ሥጋ መዳበር የግድ የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ስለዚህ አኩሪ አተርን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ከፊሉን ግን ይሸፍናል። ለጫጩት በጥቂቱ፣ ከፍ ላለው ዶሮ ጨመር ተደርጎ ይሰጣል። የሰሊጥ ፋጉሎ ደግሞ አኩሪ አተር የሚያንሰው ሜቲዮኒን ስላለው፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሌሎቹ ተረፈ ምርቶችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የስንዴ ፉርሽካ በየዱቄት ፋብሪካው ይገኛል፤ ጉልበት ሰጪነቱ ግን ዝቅተኛ ነው። የቢራ ፋብሪካ የገብስ ተረፈ ምርት ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ ካልደረቀ በጥቂት ቀናት ይበላሻል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ያለ ባለሙያ ምክር መስጠት አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። እርጥበት ባገኘው ፋጉሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ መርዙ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ እድገቷንም ይገታል።

እናም ፋጉሎ የሚገዛ አርቢ ጆንያውን ፈቶ ቁራጩን ይስበር፤ ውስጡን ይይ፣ ያሽትት። የሻገተ ከሆነ አይግዛ። ደህናውንም ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጥ፤ ቶሎ ከሚጨርሰው በላይ አያከማች።