በአትክልት ቦታ ስለሚሰቀል የመብራት ገመድ

በአትክልት ቦታ አምፑል የተደረደረበትን ገመድ ሊሰቅል የሚወድ ሰው ከውበቱ አስቀድሞ ውሃ የማያስገባ መሆኑን ይመርምር። በዕቃው ላይ «አይ ፒ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ሁለት አኃዞች ይጻፋሉ፤ ፊተኛው ትቢያንና ጠጣር ነገርን፥ ኋለኛው ውሃን የመከላከል ኃይሉን ያስታውቃል። 44 የተረጨን ውሃ ይቋቋማል፤ 65 ደግሞ በኃይል የሚወረወረውን፤ ለክረምታችን ዝናብ ይህ ይሻላል። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ይህንኑ ያንብቡለት፤ ሻጭ ሁሉ አይነግርምና።

220 ቮልት ልጆች በሚጫወቱበት እርጥብ ሣር ላይ ማሳለፍ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ በትራንስፎርመር ወደ 24 ቮልት ወይም ከዚያ በታች የወረደው ይመረጣል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ዝናብ በማይደርስበት ይቀመጥ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ከዚህ ሥጋት የራቀ ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ ደመና ብርሃኑ ቶሎ ይደክማል።