የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ለምን ይቀዘቅዛል?

ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን፣ በተለይ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የቆርቆሮ ቤት ፀሐይ እንደጠለቀች የሚቀዘቅዘው ቆርቆሮው ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ በመሆኑ ሙቀት ስለማያጠራቅምና ያለውንም በጨረራ፣ ማለትም ያለ ንክኪ በሚተላለፍ የሙቀት ሞገድ፣ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ነው። ሌሊት ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበውም የነዋሪዎቹ ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃነት ተለውጦ ነው።

የሣር ክዳን በአንጻሩ በመካከሉ የረጋ አየር ስለሚይዝና እንዲህ ያለው አየር ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ጥሩ ሙቀት ከልካይ ነው፤ በጭድ የተቦካ ወፍራም የጭቃ ግድግዳም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቤት ባለቤት ገንዘቡን አስቀድሞ ሊያውል የሚገባው በማሞቂያ ላይ ሳይሆን በኮርኒስ ላይ ነው፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ፣ አይጥ እስኪቀደው ድረስ፣ ከክዳኑ በታች አየር ያረጋል፤ ቺፕውድ ደግሞ ይበልጣል። በበርና በመስኮት ጠርዝ የሚገባው ነፋስም በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ሊደፈን ይችላል።

ይሁን እንጂ ቤቱ በተደፈነ መጠን የከሰል አደጋ ይበረታል፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው የደም ክፍል ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚያያዝ፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ በመኝታ ክፍል ፈጽሞ ማደር የለበትም።